ነጻ ሶፍትዌር ስትመርጥ «ሴቭ» እስከሚለው ድረስ ሂድበት

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ልከፍት ነው፣ 4 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ፣ ነጻ ሶፍትዌር የትኛው ይሻላል፣ ጥሩውንስ ከመጥፎው በምን ልለይ ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ ነው። የሃያ ፕሮግራም ስም የደረደሩልህ አሉ። እግዜር ይስጣቸው። ግማሹን ግን ራሳቸው ከፍተው ያዩት አይመስለኝም።

እኔ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ እንዳንተው ዓይነት ቤት ከከፈትኩ ሰባት ዓመት አለፈኝ። የጀመርኩትም ባገለገለ ላፕቶፕ ነው። ጠዋት ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት፣ በጋቢ ተጠቅልዬ ነው የምተይበው። የመንዝ ብርድ ደግሞ ከዚህም እንደሚብስ አንተ ታውቃለህ።

1. ማንኛውንም ነገር ከማውረድህ በፊት ኮምፒውተርህ ውስጥ ያለውን እወቅ። ይህን ቁጥር አንድ ያደረግሁት ዋጋ ስለከፈልኩበት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሰኔ ላይ፣ የእንጨት ሥራ ያላቸው አንድ ጋሼ የጨረታ ሰነድ ይዘውልኝ መጡ። 46 ገጽ ነው። የታተመውም በፍላሽ ፒዲኤፉም ይቅረብ ተብሏል። የተተየበው በፓወር ግዕዝ የድሮው ፊደል ነው። እሱ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ከፍተኸው ታውቅ እንደሆነ፣ አማርኛው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ጋጋታ ይሆናል። ፒዲኤፍ ሲሆን ግን ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ፒዲኤፍ የግድ ነበር።

ጎግል ላይ ነጻ ፒዲኤፍ መቀየሪያ ብዬ ፈለግሁ። መጀመሪያ የመጣውን ከፈትኩ። ገጹ ላይ «ዳውንሎድ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አራት ቦታ አለ። ትልቁን ተጫንኩ። ለካ ትልቁ ማስታወቂያ ነው። ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት። አንዱን ፕሮግራም ልጭን ገብቼ አራት ተጭኖ ተነሣሁ። የብሮውዘሬ የፊት ገጽ ተቀየረ። አንዱ ደግሞ ከጥግ ብቅ እያለ ኮምፒውተርሽ ላይ 1,243 ችግር አግኝቻለሁ፣ ላስተካክልልሽ፣ ክፈዪ ይለኛል። ያን ሁሉ ችግር ተሸክሞ እስከ ትናንት እንዴት ሲሠራ እንደነበር እንጃ።

ያም ሆኖ ፒዲኤፉን አወጣልኝ። ሁለቱን ገጽ አየሁ፣ ጥርት ያለ ነው። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ብዬ ተጣድፌ አተምኩ። ጋሼም ፖስታውን አሽገው ሄዱ። ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ግን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የተጻፈ ሳሳ ያለ ግራጫ ጽሑፍ ነበረበት። የሙከራ ቅጂ ነው ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ቶነሬ እያለቀ ስለነበር ዓይኔ አልያዘውም።

ፖስታው ሲከፈት ከኮሚቴው አንዱ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «ይሄ ሰነድ ራሱ ሙከራ ነኝ እያለ ነው» አለ አሉ። ሳቁባቸው። ውድቅ ሆነ።

በማግስቱ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሳቸው የሉበትም ብዬ ላስረዳ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ሶፍትዌርሽን ገዝተሽ ነይ» አለኝ። ሁለት ሰዓት ቆሜ ያገኘሁት መልስ ይሄ ነው። ከወር በኋላ ያው ልጅ ሲቪውን ሊያስተይብ ቤቴ መጣ። እንደ ሰው አስተናገድኩት። ዋጋ ግን አንድ ብር አልቀነስኩለትም።

ለጋሼ የጽሕፈቱንም የኅትመቱንም ገንዘብ መለስኩላቸው። እሳቸው ግን ያጡት የኔን ገንዘብ አይደለም። ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው፤ ብቻ እያንዳንዱን ገጽ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ሳያዩ አይቀበሉኝም። ምንም አልል፣ ቆሜ እጠብቃለሁ።

አሁንም ድረስ የሚያንገበግበኝ ምን መሰለህ? ያ ፕሮግራም ከነጭራሹ አያስፈልገኝም ነበር። ወርድ ውስጥ «ሴቭ አዝ» ብለህ ፒዲኤፍ የሚለውን ብትመርጥ ያወጣልሃል። ከወርድ 2010 ጀምሮ ያለምንም ተጨማሪ አብሮት አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ «ፕሪንት» ስትል ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚል ተቀምጦልሃል። ዓይኔ ሥር ነበር።

2. አዲስ ፕሮግራም ከደንበኛ ፋይል ጋር አታገናኝ። እኔ «መፈተኛ» የምለው ፎልደር አለኝ። ውስጡ 10 ገጽ አማርኛ አለ፤ ግማሹ በድሮው ፊደል፣ ግማሹ ኒያላ በሚባለው በአዲሱ (ዩኒኮድ) ፊደል፣ መሀል ላይ ሰንጠረዥና ፎቶ። አዲስ የመጣውን ሁሉ በሱ እፈትነዋለሁ። ደግሞ እስከ ጥግ ነው የምሄደው፦ ሴቭ አደርጋለሁ፣ ወደ ስልኬ እልካለሁ፣ ስልኬ ላይ ከፍቼ የመጨረሻውን ገጽ አያለሁ። ነጻ ነን ባዮቹ ብዙዎቹ ሥራውን በደስታ ያስጀምሩሃል። ክፈል የሚሉህ ሴቭ ስትል ነው። ወይ ደግሞ እንደኔው ምንም ሳይሉህ ማኅተማቸውን ያሳርፉብሃል።

ቀጥሎ ኢንተርኔቱን አጥፍቼ ያንኑ እደግማለሁ። ያለ ኔት የማይሠራ ከሆነ ዳታህን ይበላል፣ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ደግሞ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ። ድረ ገጽ ላይ ፋይል ጭነህ የምትቀይርባቸውም አሉ። ለራስህ ነገር ይሁን። የሰው መታወቂያና የካርታ ቅጂ ግን የት እንደሚሄድ ወደማታውቀው ቦታ አትጫን።

በመጨረሻ ምን ምን ፕሮግራም እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፍተህ «ስታርትአፕ» የሚለውን እይ። ሳትጠራው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሣ ከሆነ አጥፋው። 4 ጊጋ ራም ላይ ሦስት እንዲህ ያለ እንግዳ ካለህ ወርድ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል።

3. ነጻ የተባለው ለማን እንደሆነ አንብብ። ለግል ነጻ፣ ለንግድ በክፍያ የሆኑ ብዙ ናቸው። የሌላ ሰው ኮምፒውተር በኢንተርኔት ከሩቅ የምታዝበት ቲምቪወር አንዱ ነው፤ ለንግድ እየተጠቀምክ ነው ብሎ ከጠረጠረህ ግንኙነቱን ይቆርጥብሃል። የኛ ቤት ደግሞ ንግድ ነው።

4. እኔ ጋ ያሉት። ለታመቀ ፋይል ሰቨን ዚፕ፤ ትንሽዬ ነው፣ ለንግድም ነጻ ነው። ራር የሚባለውን የታመቀ ፋይል ዓይነት ይከፍታል እንጂ ራር አድርጎ አያምቅም፣ እሱም አያስፈልግህም። ዊንራር 40 ቀን ካለፈው በኋላ በየከፈትከው ቁጥር ግዛኝ ይልሃል። ለቪዲዮና ለድምፅ ቪኤልሲ። ፒዲኤፍ ለማንበብ ሱማትራ፣ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ወዲያው ይከፈታል። ፋይል የት እንዳስቀመጥክ ስትረሳ ኤቭሪቲንግ የሚባለውን፤ ስሙን ጽፈህ ሳትጨርስ ያመጣልሃል። ሊብሬ ኦፊስም ጥሩ ነው፤ ብቻ ደንበኛ በወርድ የሠራውን ስትከፍትበት መስመሩና ሰንጠረዡ ሊንሸራተት ስለሚችል ሳታየው አታትም።

የሚከፈልበትን ፕሮግራም ክራክ አድርገው፣ ማለትም ቁልፉን ሰብረህ ሳትከፍል ተጠቀምበት የሚሉህን አትስማ፤ ቫይረስ ይዞብህ ሊመጣ ይችላል። የፍላሽ ቫይረስ የሚበቃህ ነው። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የሚመጣ ፍላሽ በሳምንት ሁለት ሦስት አያለሁ። ደንበኛው ፋይሌ ጠፋ ብሎ ያለቅስብሃል። ብዙ ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን አትንካ። በዊንዶውሱ ዲፌንደር ስካን አድርግ፣ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችን፣ የሲስተም የሚባሉትንም ጨምሮ፣ እንዲያሳይ አድርገው፤ ፎልደሩ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። ያንን ደንበኛ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነጥቅህም።

ማጽጃ፣ ማፍጠኛ የሚሉትንም ተወው። ሲክሊነርን ሁሉም ይመክርሃል፤ እኔም ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን 5.33 የሚባለው ዕትሙ ከራሱ ከአምራቹ ገጽ ቫይረስ ተሰክቶበት ወጣ፣ 2.27 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተር ላይ ገባ። ከአምራቹ ገጽ ማውረድ ግዴታ ነው፣ ግን እሱም ብቻውን አያድንም። የማያስፈልግህን አለመጫን ይሻላል። ዲስክህ ከሞላ ዊንዶውስ የራሱ «ዲስክ ክሊንአፕ» አለው።

ስካነር አልጠቀስክም። መታወቂያና ካርታ በብዛት ስለሚመጣብህ ብዙ ገጽ ስካን አድርጎ አንድ ፒዲኤፍ የሚያደርግ ያስፈልግሃል። እኔ የምጠቀመው ናፕስ 2 ነው፣ ነጻ ነው፣ ምንም ምልክት አያሳርፍም፤ በ«መፈተኛ» ፎልደሬ አይቸዋለሁ። ስካነርህ ምን ሞዴል እንደሆነ ጻፍልኝና ከኮምፒውተርህ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ እንዴት እንደምታገኝ እነግርሃለሁ።