የሰውን ጠባይ የሚያጠና ትምህርት ለምክር አገልግሎት ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ስድስት ኪሎ ሳይኮሎጂ ተምሬአለሁ። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ሰንበት ትምህርት ቤት በምክር አገልግሎት ክፍል አገለግላለሁ። ስለ ስብእና የተማርኳቸውን ንድፈ ሐሳቦች ወጣቶችን ሳማክር እጠቀምባቸዋለሁ። አንዳንድ ወንድሞች ግን «የሳይኮሎጂ ሊቅ የምትሉት ፍሮይድ እግዚአብሔርን የካደ ሰው ነው፤ ትምህርቱን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን አመጣው?» ይሉኛል። ልጆቹ ደግሞ ስልካቸው ላይ የስብእና መጠይቅ እየሞሉ «የእኔ ዓይነት ይሄ ነው» ይባባላሉ። በቁጣው ሰው የሚያስቀይም አንድ ወንድም ስመክረው «ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ትምህርቴን ልተወው ወይስ ልጠቀምበት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላሙ ከአንቺም ጋር ይሁን። አትተዪው፤ ተጠቀሚበት። ግን ሰውን ለመቅረብ ይሁን እንጂ ለመፈረጅ አይሁን።

ሰው በጠባዩ ይለያያል መባሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት፣ ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ እንደ ተፈጠረ፣ ነፍሱም ለባዊት (የምታስብ)፣ ነባቢት (የምትናገር) እና ሕያዊት (ሕያው የሆነች) እንደ ሆነች ገና በልጅነታችን ተምረናል። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች እነ ሂፖክራተስና ጋሌንም የሰውን ጠባይ በሰውነቱ ውስጥ ካሉ አራት ፈሳሾች ጋር ያያይዙት ነበር። ያ ሕክምና ዛሬ ቀርቷል። ጥያቄው ግን አልቀረም። አንዱ ለምን ቶሎ ይግላል? ሌላው ለምን ሁሉን በሆዱ ይይዛል?

ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ክህነትን ፈርቶ የሸሸበትን ምክንያት ሲጽፍ፣ ሰውን መምራት ከጥበብ ሁሉ የሚበልጥ ጥበብ መሆኑን ተናግሯል። ሐኪም ለበሽተኛ ሁሉ አንድ መድኃኒት አያዝም። ነፍስን የሚያክምም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሲመሰገን ይበረታል፣ ሌላው ሲገሠጽ ይመለሳል። ሐዋርያው ጳውሎስም «ያለ ሥርዓት የሚሄዱትን ገሥጹአቸው፥ ድፍረት የሌላቸውን አጽኑአቸው፥ ለደካሞች ትጉላቸው፥ ሰውን ሁሉ ታገሡ» ብሏል (1ኛ ተሰ. 5፥14)። ድፍረት ያጣውን ብንገሥጸው እንሰብረዋለን። ስለዚህ ከፊትሽ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ሳታውቂ መምከር አትችዪም።

ለቅሶ ቤት የሚሆነውን አስቢ። አባቱ የሞተበት ልጅ ድንኳኑ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። አያለቅስም። ለለቀስተኛው ወንበር ያቀብላል፣ ሻይ ደርሶ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ዘመድ «ምን ዓይነት አንጀተ ደረቅ ነው!» ይላል። ዓርባው ካለፈ በኋላ ያው ልጅ ሌሊት ብቻውን ኩርምት ብሎ ሲያለቅስ ያድራል። ያን ማንም አያይለትም። አንዳንድ ሰው ኀዘኑን በሰው ፊት እንደማያወጣ የተማረች አገልጋይ ግን ከሁለት ወር በኋላም ደውላ «እንዴት ነህ?» ትለዋለች። ትምህርትሽ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይጥቀምሽ።

ፍሮይድን በተመለከተ ወንድሞችሽ የተናገሩት ሐሰት አይደለም። በእግዚአብሔር አያምንም ነበር፤ ሃይማኖትንም ምኞት የወለደው ነገር አድርጎ ነው የጻፈው። ይህን አንቀበልም። ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ለምን እንደሚያደርገው አያውቅም ያለው ግን ከእሱ በፊት በመዝሙር የተጸለየ ነው፤ «ስሕተትን ማን ያስተውላታል? ከተሰወረ ኃጢአት አንጻኝ» (መዝ. 18፥12)። እውነት ከማንም አፍ ብትወጣ የእግዚአብሔር ናት።

ካርል ሮጀርስንም ታውቂዋለሽ። ኒውዮርክ ውስጥ የጀመረውን የሥነ መለኮት ትምህርት ትቶ ነው ወደ ሳይኮሎጂ የገባው። አማካሪ ሳይፈርድ ይስማ፣ ነገሩን በተናጋሪው ዓይን ይየው፣ እሱም አያስመስል ይላል። ይህንንስ ብዙዎቻችን እንማረው! ሰው ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ጥቅስ የምንደረድር አለን። የምንለያየው ሌላ ቦታ ነው። ለእሱ ሰው የሚድንበት አቅም በውስጡ አለ፤ ጆሮ የሚሰጠው ሰው ካገኘ ይበቃዋል። እኛ ደግሞ ንስሐ ያስፈልገዋል፣ ሥጋ ወደሙ ያስፈልገዋል፣ ያለ ጸጋ አይሆንለትም እንላለን።

ልጆቹ ስልካቸው ላይ የሚሞሉት መጠይቅ ምናልባት ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍለው ይሆናል። መነሻው የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው ሥራ ነው። መጠይቁን ያዘጋጁት አሜሪካውያን እናትና ልጅ ናቸው፤ ሁለቱም በሳይኮሎጂ የሠለጠኑ አልነበሩም። ብዙ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲሞላው ሌላ «ዓይነት» ሆኖ ይገኛል። ዛሬ ተመራማሪዎች ይበልጥ የሚሠሩበት አምስቱ ዋና ዋና የስብእና መለኪያዎች የሚባለው ሰውን በሳጥን አይከትትም፤ በመጠን ይለካዋል። ለጨዋታ ከሆነ ይሙሉት፣ ችግር የለውም። ትዳር ሊመርጡበት ወይም ጓደኛ ሊያርቁበት ሲነሡ ግን አስቁሚያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። እነዚህ መጠይቆች የተወለዱት በሌላ አገር ነው። ታላቅ ሲናገር ዝም በዪ ተብላ ያደገች የእኛ ልጅ «ሰው በተሰበሰበበት መናገር ትወጃለሽ?» ስትባል አልወድም ትላለች። ተፈጥሮዋ ነው? አስተዳደጓ ነው? ወይስ ይሉኝታ ይዟት ነው? ወረቀቱ አይነግርሽም። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ስትፈታ ታዪያታለሽ። «ተናገሪ እንጂ!» ብለሽ ብትጫኛት በሚቀጥለው እሑድ አትመጣም። ጊዜ ስጫት።

ጉዳዩ ከጠባይ ሲያልፍ ደግሞ ቶሎ ለዪው። እንቅልፍ ያጣውን፣ ምግብ የተወውን፣ ድምፅ የሚሰማውን፣ ሞትን የሚመኘውን «ጠባዩ ነው» ወይም «እምነቱ ደክሞ ነው» ብለሽ አታሳልፊው። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር (1ኛ ነገ. 19፥6)። በልቶ ጠጥቶ ተኛ፤ እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ቤተሰቡን ይዘሽ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ የአእምሮ ሐኪም አድርሺ። ጸበሉንም ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ይውሰድ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉዳይ በተነሣ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ እንደማይጋጩም አስተምረዋል።

አንቺ የንስሐ አባት አይደለሽም። ኃጢአቱን ሊናዘዝልሽ የሚጀምር ቢኖር በፍቅር ወደ ካህኑ ላኪው። የነገረሽን ምስጢር ለክፍሉ ስብሰባ አታቅርቢ፤ ስሙን ባትጠሪ እንኳ በአንድ አጥቢያ ውስጥ ይታወቃል።

ወደ ቁጡው ወንድም ልመለስ። «ተፈጥሮዬ ነው» ማለቱ ግማሹ እውነት ነው። ቶሎ መጋል አብሮት ተወልዶ ይሆናል። ያንቺው ትምህርት ግን ስብእና በዕድሜ እንደሚለወጥ፣ ሰው እየበሰለ ሲሄድ በአብዛኛው እየረጋ እንደሚመጣ ይናገራል። ዮሐንስና ያዕቆብ የነጎድጓድ ልጆች ተብለዋል። አንዲት መንደር አልተቀበለችንም ብለው እሳት ከሰማይ ሊያወርዱባት ፈልገው ነበር (ሉቃ. 9፥54)። ያ ዮሐንስ ነው በኋላ የፍቅር ሐዋርያ የተባለው። ትኩሳቱ አልጠፋም፤ መልእክቶቹን ብታነቢ አሁንም ኃይለኛ ነው። የሚነድለት ነገር ግን ተለወጠ።

ስለዚህ ከልጁ ጋር ስለ «ዓይነቱ» አትከራከሪ። መቼ እንደሚቆጣ ጠይቂው። ቤት ውስጥ ነው? ሥራ ቦታ ነው? ሲርበው ነው ወይስ ሲናቅ? ከመቆጣቱ በፊት ሰውነቱ ላይ ምን ይሰማዋል? ለአንድ ሳምንት እያስተዋለ ይጻፈው። የጻፈውን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፤ ቀኖናውን እሳቸው ይስጡት። እስከዚያው ያስቀየመውን አንድ ሰው ይምረጥና ይቅርታ ይጠይቅ። ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቂው ስለዚያ ሰው ይሁን።