ከአያት ወደ ለገዳዲና ሰንዳፋ፦ በቱሪንግ ብስክሌት ዘና ብሎ ለመሄድ

ሰላም እህታችን። የጠየቅሽው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰዎች በባሕር ዳርቻ ለጥ ባለ መንገድ በቱሪንግ ብስክሌት (ለረጅም ጉዞ በተሠራ ብስክሌት) ቀስ ብለው ሲሄዱ አይተሽ ወደድሽው። የምትኖሪው አያት አካባቢ ነው፤ ሁለተኛ እጅ ቱሪንግ ብስክሌት ገዝተሻል፤ አንድ ሰዓት ከነዳሽ በኋላ እጅሽ ይደነዝዛል፣ መቀመጫሽንም ያምሻል። እሑድ ጠዋት ውሃ ወዳለበት ሄደሽ ለምሳ መመለስ ትፈልጊያለሽ፤ ቢሾፍቱ ይሻላል ወይስ ለገዳዲ?

ለገዳዲ ይሻልሻል። የደሴ መንገድ ከአያት ተነስቶ በለገጣፎና በለገዳዲ አልፎ ሰንዳፋ እስኪደርስ፣ መሃል ላይ ወጣ ገባ ቢልም፣ በጠቅላላው ሽቅብ ነው። ሰንዳፋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። በበጋ ደግሞ ነፋሱ በአብዛኛው የሚነፍሰው ከምሥራቅ ስለሆነ ስትሄጂ ከፊትሽ ይገጥምሻል። ይህ መጥፎ ይመስላል እንጂ ለዝግታ ጉዞ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ከባዱን ክፍል ጉልበት ሳለሽ ትጨርሺዋለሽ፣ ስትመለሺ ቁልቁለቱም ነፋሱም ያግዙሻል። የቢሾፍቱ መንገድ የዚህ ግልባጭ ነው። ከተማው 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ስትሄጂ ሳይታወቅሽ ትወርጃለሽ፣ በደከመሽ ሰዓት ዳገቱ ይጀምራል። በዚያ ላይ አሮጌው የዱከም መንገድ ከባድ መኪና የሚበዛበት ነው፤ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ደግሞ ለብስክሌት ዝግ ነው። ቢሾፍቱ ካማረሽ ሚኒባስ አናት ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ብስክሌትሽን አስጭነሽ ሂጂና እዚያው ከተማው ውስጥ ዙሪ። ግን የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ዳርቻቸው ገደል ነው፤ መንገዱ ከላይ ከአፋፉ ላይ ነው እንጂ እንደ ባሕር ዳርቻ መንገድ ከውሃው ጎን ለጎን አይሄድም። በኢሬቻ ሰሞን ደግሞ ሆራ አካባቢ ከሕዝቡ ብዛት የተነሳ በብስክሌት መንቀሳቀስ አይታሰብም።

ለገዳዲም ቢሆን የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ግድብ ስለሆነ የምታዪው ውሃ እንጂ የምትነኪው አይደለም። ጥበቃ አለው፤ ወደ ግድቡ አትጠጊ፣ ፎቶም ሳትጠይቂ አታንሺ።

በባሕር ዳርቻ የሚነዳ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፦ አየሩ። 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚሁ ተወልደሽ ያደግሽ ብትሆኚም ዳገት ላይ ልዩነቱ ይታወቅሻል። ስለዚህ ፍጥነትሽን በሰዓት አትለኪው፣ በወሬ ለኪው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥብሽ መናገር ካቃተሽ ማርሽ ቀንሺ። ለጥ ባለው ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ ዳገት ላይ 7 ወይም 8 ይበቃሻል። ከአያት ሰንዳፋ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ መሄጃውን ሁለት ሰዓት፣ መመለሻውን አንድ ሰዓት ተኩል አድርገሽ ያዢው።

አሁን ወደ እጅሽና መቀመጫሽ። ሁለቱም ብዙ ጊዜ መነሻቸው አንድ ነው፤ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች አዘንብሏል። ሰው ሲያመው ይደላኛል ብሎ አፍንጫውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ ሰውነቱ ወደፊት እየተንሸራተተ ክብደቱን በሙሉ እጁ ይሸከማል፣ መዳፉ ላይ ያለው ነርቭ ይጨፈለቅና ጣቱ ይደነዝዛል። ኮርቻው ላይ ጠንካራ መጽሐፍ አስተኝተሽ በላዩ የግንበኛ ውሃ ልክ አድርጊ፤ አረፋው መሃል ይሁን። ስፖንጁ የበዛ ወፍራም ኮርቻም መፍትሔ አይደለም፤ የመቀመጫ አጥንትሽ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ስፖንጁ መሃል ላይ ያለውን ለስላሳ አካል ይጫናል። ጠንከር ያለና ለአጥንትሽ የሚበቃ ስፋት ያለው ይሻላል።

ከፍታውን እንዲህ ለኪው። የምትነጂበትን ጫማ አድርገሽ፣ ግድግዳ ተደግፈሽ ኮርቻው ላይ ተቀመጪ። ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርገሽ እስከ ታች አውርጂው፤ እግርሽ ቀጥ ይበል፣ ዳሌሽ ግን ወደ ጎን አይዘንበል። ስትነጂ የምትረግጪው በእግርሽ የፊት ክፍል ስለሆነ ጉልበትሽ በትንሹ እንደታጠፈ ይቀራል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። በኋላ ጉልበትሽን ከፊት ካመመሽ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ካመመሽ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ስታስተካክዪ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አታንቀሳቅሺ፤ ሁለት ሦስት ቀን ነድተሽበት እንደገና ፍረጂ።

መሪው ከኮርቻው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ለዝግታ ጉዞ ጥሩ ነው። የቆየ ሞዴል ከሆነ የመሪው አንገት ፍሬሙ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ነው። አናቱ ላይ ያለውን ብሎን ሁለት ዙር ብቻ ፍቺ፣ እንጨት አስደግፈሽ በመዶሻ ቀስ አድርገሽ ምቺው፤ ውስጥ ያለው ሽብልቅ ሲላቀቅ ብሎኑ ወደ ታች ጠለቅ ይላል። ከዚያ አንገቱን ወደ ላይ ጎትተሽ ከፊት ጎማው ጋር አስተካክለሽ እሰሪ። ዘንጉ ላይ የተቀረጸው መስመር ከፍሬሙ ውጭ መታየት የለበትም፤ ከታየ የያዘው ክፍል አጥሯልና መሪው እጅሽ ላይ ሊቀር ይችላል። የኮርቻው ዘንግም ተመሳሳይ መስመር አለው። አዲሱ ዓይነት አንገት ግን የሚነሳው ከሥሩ ቀለበት በመጨመር ነው፤ ሹካው ተቆርጦ ከሆነ የሚጨመርበት ቦታ ስለማይኖር ከፍ ያለ አንገት መግዛት ግድ ነው።

ቀጥሎ ጎማ። ምቾት በገንዘብ ሳይሆን በአየር የሚገኝበት ቦታ እዚህ ነው። ጎሚስታ ጋ ሄዶ «ሙላልኝ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው፤ ድንጋይ እስኪሆን ይነፋና እያንዳንዱ ጠጠር ወገብሽ ድረስ ይሰማሻል። ስልሳ ምናምን ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ቀለል ካለ ዕቃ ጋር፣ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ከኋላ 60፣ ከፊት 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል፤ ከ37 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ ከኋላ 45፣ ከፊት 40። ክብደቱ ያለው ከኋላ ስለሆነ የኋላው ሁልጊዜ ይበልጣል። የጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ግን አትለፊ። የመኪና ኮምፕሬሰር የብስክሌትን ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ሊያፈነዳው ስለሚችል ጫን ለቀቅ እያደረጉ ይንፉልሽ። ቫልቭሽ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የጎሚስታው አፍ አይገጥምለትም፤ ትንሿን የነሐስ መሸጋገሪያ ገዝተሽ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪ።

በደሴ መንገድ ጎማ የሚያስተነፍሰው እሾህ ብቻ አይደለም። ከከባድ መኪና ጎማ የተበጣጠሰ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ሽቦ አለ። ከውጭ አይታይም፣ በጣትም አይዳሰስም፤ አዲስ ካላማዳሪ ብትቀይሪም ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ይተነፍሳል። የሚገኘው እንዲህ ነው፦ ጎማውን ከቸርኬው አውጪና ጥጥ ወይም ስስ ጨርቅ በውስጡ ዙሪያውን ቀስ አድርገሽ ሳቢ። ጥጡ የሚያዝበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ጎማውን ወደ ውጭ አጥፊው፤ የሽቦዋ ጫፍ ብልጭ ትላለች። በፒንሳ ከውስጥ በኩል ነቅለሽ አውጪያት። ቀዳዳው ራሱም ይናገራል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካየሽ አየር አንሶት ጉድጓድ ላይ ካላማዳሪው ከቸርኬው ጋር ተጨፍልቋል። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ የቸርኬው የውስጥ ላስቲክ ተንሸራቶ የራጂው (የቸርኬው ሽቦ) ጫፍ ወግቶታል። ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ደግሞ አየሩ አንሶ ጎማው ቸርኬው ላይ ተሽከርክሯል፤ ይሄ አይለጠፍም፣ ካላማዳሪው ይቀየር። ስትለጥፊ በብርጭቆ ወረቀት አሻሺ፣ ማስቲሹን ከልጥፉ ሰፋ አድርገሽ ቀቢና አምስት ደቂቃ ያህል ተዪው፤ እርጥብ ማብረቅረቁ ሲጠፋ ብቻ ለጥፊ። አብዛኛው ልጥፍ የሚከዳው ማስቲሹ ሳይደርቅ ስለሚለጠፍ ነው።

ማርሹን በቁጥር እዪው። የፊት ጥርሶቹ 48፣ 36 እና 26፣ የኋላው ትልቁ 32 ወይም 34 ከሆነ እድለኛ ነሽ፤ በ26 እና በ34 ፔዳሉን በደቂቃ 70 ጊዜ ብታዞሪ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄጃለሽ፣ የለገጣፎን ዳገት ሳትነሺ ተቀምጠሽ ለመውጣት የሚያስችለው ይሄ ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ቀንሺ፤ እየገፋሽ ከቀየርሽ ካቴናው ይዘላል። ሁለተኛ እጅ ስለሆነ ካቴናውን በማስመሪያ ለኪው፦ በአዲስ ካቴና ከአንደኛው ፒን መሃል እስከ 25ኛው ፒን መሃል ያለው ርዝመት 30.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 30.7 ከደረሰ ቀይሪው፤ 30.8 ካለፈ የኋላ ጥርሱንም በልቶታልና ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። እኛ ጋ የባሕር ጨው ባይኖርም አቧራ አለ፤ ዘይት የበዛበት ካቴና አቧራውን ይዞ እንደ ሞረድ ይበላል። በየማያያዣው አንድ ጠብታ ጠብ አድርጊ፣ ጥቂት ቆይተሽ ከውጭ ያለውን በሙሉ በጨርቅ ጥረጊው።

ፍሬን ላይ ባጭሩ፦ ሸራው ውስጥ የተሰካ ጠጠር ወይም የብረት ፍንጣሪ ካለ በመርፌ አውጪው፣ ቸርኬውን ይልጠዋል። ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ አትያዢው፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ እንደገና ያዢ።

ልብስ ላይ ጥብቅ ልሁን። ነጠላና የተለቀቀ ሻርፕ የኋላ ጎማው ጎትቶ ያስገባዋል፤ የሱሪሽን ቀኝ እግር በላስቲክ እሰሪ፣ ካቴናው በዚያ በኩል ነውና። የቦርሳሽ ማሰሪያ ጫፎች ተንጠልጥለው አይቅሩ። ሄልሜቱ ከቅንድብሽ ሁለት ጣት ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ወደ ሰንዳፋ ሜዳ ስትቃረቢ ውርጭ ሊኖር ይችላል፤ ጓንትና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ያዢ። ሦስት ሰዓት ካለፈ ደግሞ ፀሐዩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይጠነክራል፤ ፊትሽንና የእጅሽን ጀርባ ክሬም ቀቢ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሺ። ከዚያ በፊት ጨለማ ነው፣ ጅብም ከመንገድ አልተሰበሰበም፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ደግሞ መኪናውም ነፋሱም ይበረታል። ከአስፋልቱ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ገባ ብለሽ ንጂ። ጠርዙ ተሸርሽሮ ከአፈሩ ከፍ ያለበት ቦታ አለ፤ ጎማሽ ከወረደ በቀጭን ማዕዘን ለመመለስ አትሞክሪ፣ ጎኑን ይዞ ይጥልሻል፤ ቆመሽ አንስተሽ መልሺው። አህያ የሚነዳ ሰው ስታዪ ደወል ከሩቅ ደውዪ፤ ቀርበሽ ከደወልሽ አህያዋ የምትደነግጠው ወደ አንቺ ነው። ውሻ ከሮጠብሽ ውረጂና ብስክሌቱን በመካከላችሁ አድርገሽ በእርጋታ ተራመጂ፤ ብዙዎቹ የሚያባርሩት የሚሮጠውን ነው። ከነከሰሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ተቋም ሂጂ፤ ለነገ አይባልም።

ሁለት ባለ 750 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ሙዝና ቆሎ ይበቃል፤ በሶ ከስኳር ጋር በጥብጠሽ አንዱን ጠርሙስ ብትሞዪው ደግሞ ከማንኛውም የታሸገ ነገር ይሻላል። ሳይጠማሽ በየ15 ደቂቃው ጎንጨት በዪ። መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ልጥፍ፣ መንፊያ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ ፒንሳ፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ቁጥር 4፣ 5 እና 6 ያዢ። ቦርሳውን ጀርባሽ ላይ ሳይሆን ከኋላ ፖርቶ መጋላው ላይ እሰሪው፤ ጀርባ ላይ ያለ ክብደት መልሶ የሚያርፈው ያው የሚያምሽ መቀመጫሽ ላይ ነው።

በዚህ እሑድ ሰንዳፋ ድረስ አትሂጂ። ኮርቻውን አስተካክለሽ ለገጣፎ ደርሰሽ ተመለሺና እጅሽ መደንዘዙን፣ ጉልበትሽን ደግሞ በየት በኩል እንዳመመሽ እዚሁ ጻፊልን፤ የብስክሌቱን አንገትና የኮርቻውን ፎቶ ከጎን አንስተሽ ብትጨምሪበት ምን ያህል ሚሊ ሜትር እንደሚነሳ መንገር ይቻላል።