«ለጥንቃቄ ብዬ ነው የላክሁት»

ጥያቄ፦ መምህር፣ በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ አንዲት ሴት እያለቀሰች የምትናገርበት ድምፅ ደረሰኝ። «ትምህርት ቤት ገብተው ልጆቻችንን መርዝ እየወጉ ነው» ትላለች። ለጥንቃቄ ብዬ ለሦስት ግሩፕ ላክሁት። በኋላ ውሸት መሆኑ ታወቀ። ክፉ አስቤ አልነበረም። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ያ ድምፅ ለእኔም ደርሶኛል። ሁለቴ ሰማሁት። ሴትዮዋ «ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት» ትላለች እንጂ የቱ ሰፈር እንደሆነ አንዴም አትናገርም። ስለዚህ አዳማ ያለ ሰው ሲሰማው አዳማ ይሆናል። ልጇን ለእናቷ ትታ ዱባይ የሄደችዋ ደግሞ ልጇ ያለበትን ሰፈር ታስባለች። ስሙን የምንሞላው እኛው ነን፤ ያስደነገጠንም ለዚህ ነው።

«ውሸት ቢሆን ምን ይጎዳል? እውነት ከሆነ ግን ነፍስ አዳንሁ» የሚሉ ብዙ ምእመናን ገጥመውኛል። ጾም የማይገድፉ፣ ኪዳን የማያስታጉሉ ሰዎች ናቸው። ይጎዳል እንጂ! በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም፣ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ባለሙያዎች «ልጆቻችንን ሊጎዱ መጡ» ተብሎ ተወራባቸውና ሕዝብ ተሰብስቦ ገደላቸው። ድንጋይ ካነሡት መካከል እንዳንቺው «ለልጆች ብዬ» ያለ አይጠፋም። ወሬውን መጀመሪያ የተነፈሰው ሰው ደግሞ ምናልባት ድንጋይ በእጁ አልነካም።

«በሐሰት አትመስክር» ሲባል ፍርድ ቤት ቆሞ መማል ብቻ ይመስለናል። ዘጸአት 23 ግን ሲጀምር ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል ይላል። ልብ በይ፣ ገና መቀበሉን ነው የከለከለው። «ሦስት ቦታ ስላየሁት አመንሁ» የሚሉኝም አሉ። ሕጉ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ሲል ያዩ ሰዎችን ነው። አንድ ድምፅ ሦስት ግሩፕ ስለዞረ ሦስት ምስክር አይሆንም። (በነገራችን ላይ «ያላስተላለፈ ይጠየቅበታል» የሚል ነገር ከመጣልሽ እዚያው አጥፊው። እንዲህ ያለ ግዝት የለም።)

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አዎ፣ በደል አለበት። ግን በየዋህነት የሠራሽው ነው፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ አትጨነቂ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ በእነዚያው ሦስት ግሩፖች «የላክሁት ውሸት ነበር፣ ይቅር በሉኝ» በይ። መልእክቱን ደምስሶ ዝም ማለት አይበቃም፤ ሰምተው ለሌላ ያሳለፉ አሉ። ደግሞ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅሽ ላኪው። ውሸቱም ሰው ልብ የገባው በድምፅ ነው።