ማንጋውን «ቀየርኩት»፣ «ገለበጥኩት» ወይስ «ኮንቨርት አደረግኩት»?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) በኪንድል፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ላነብ ፈልጌ ነበር። ጓደኛዬ «ማንጋውን ለኪንድልህ ገልብጬልሃለሁ» ብሎ ፍላሽ ሰጠኝ፣ ስከፍተው ያው የድሮው ሲቢዚ (የኮሚክ ፋይል አይነት) ነው፣ ኪንድል ደሞ ሲቢዚ አይከፍትም። እሱ «ገለበጥኩ ማለት ኮፒ አደረግኩ ነው» አለኝ፣ እኔ ደሞ ቀየርኩ ማለትም ነው ብዬ ተከራከርን። ማናችን ነን ልክ? «ኮንቨርት አደረግኩት» ማለትስ አማርኛውን ማበላሸት ነው?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። የሰው ኖት የገለበጠ ተማሪ የፊደል ስህተቱን ሳይቀር ነው ይዞት የሚሄደው፣ ዋናው ሳይነካ ሌላ ቦታ ላይ ይደገማል እንጂ መልኩ አይለወጥም። ግን ማንጋ ላይ ይሄን ቃል እኔ ብሸሸው ይሻለኛል፣ ለምን መሰለህ፣ ገለበጠ የላዩን ወደ ታች የቀኙን ወደ ግራ ማዞርም ነው፣ ማንጋ ደሞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ90ዎቹ አሜሪካ የታተሙ ብዙ ማንጋዎች ለእንግሊዝኛ አንባቢ እንዲመቹ ስዕላቸው እንደ መስታወት ተገልብጦ ነበር የወጡት፣ ከዛ ሳሙራዩ በግራ ጎኑ የታጠቀው ሰይፍ ቀኝ ሄደ፣ ቀኝ እጁ ግራ ሆነ፣ ኪሞኖውም ጃፓኖች ሬሳ ሲያለብሱ በሚያደርጉት በኩል ተደረበ። ማንጋ ተገለበጠ ሲባል እኔ ቶሎ የሚታየኝ ይሄ ነው።

«ቀየርኩት» ጥሩ ቃል ነው ግን ብቻውን አይበቃም። ስልክ ቀየርኩ ስትለኝ አሮጌውን ትተህ ሌላ ገዛህ ማለት ነው፣ ለወጠም እንደዛው ነው፣ ሰፈር ውስጥ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ልጅ አሮጌ ልብስህን ወስዶ ሳፋ ይሰጥሃል እንጂ ልብሱን ሳፋ አያደርገውም። ያው ዕቃ መልኩን ቀየረ ለማለት «ወደ» ያስፈልግሃል፦ ፋይሉን ወደ ሞቢ (ኪንድል የሚከፍተው የፋይል አይነት) ቀየርኩት። ይቺ ትንሽ ቃል ናት ስራውን የምትሰራው፣ እንዳትረሳት።

ደሞ ብዙ ሰው «ወደ ኪንድል ቀየርኩት» ሲል እሰማለሁ፣ ይሄ ግን አይሄድም፣ ኪንድል ዕቃ ነው እንጂ የፋይል አይነት አይደለም። ለዕቃው «ለ»፣ ለፋይሉ አይነት «ወደ» በል፦ ለኪንድል ወደ ሞቢ ቀየርኩት፣ ከዛ ኪንድሉ ላይ ጫንኩት። ሲቢዚ ራሱ እኮ ስዕሎች የታጨቁበት ዚፕ ነው፣ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለውን «ዚፕ» «ሲቢዚ» ብለህ ብትጽፈው ስሙን ቀየርክ እንጂ ፋይሉን አልቀየርክም።

«ኮንቨርት አደረግኩት» ምንም ነውር የለውም። አማርኛ የውጪ ቃል ሲቀበል «አደረገ»ን አስከትሎ ነው የሚያስገባው፣ ሴቭ አደረገ፣ ዳውንሎድ አደረገ እንደምንለው፣ ግሱ አሁንም የኛው ነው፣ አደረግኩ፣ አደረገች እያለ የሚረባውም እሱ ነው። ጽሁፍ ላይ ግን «ወደ… ቀየረ» ስለሚበቃ እሱን እመርጣለሁ።

አሁን ለጓደኛህ እንዲህ በለው፦ «ፋይሉን ለኔ ኪንድል ወደ ሞቢ ቀይርልኝ፣ ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ ይሁን፣ ስዕሉን ግን እንዳትገለብጠው።» ኪንድል ኮሚክ ኮንቨርተር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ካለው የማንጋ ሞድ የምትለዋን ምልክት ያድርግባት፣ የኪንድልህን ሞዴልም ንገረው፣ የስዕሉን መጠን ከስክሪኑ ጋር የሚያስተካክለው በሱ ነው።