ጎማ ለምትገለብጡና ብረት ለምትፈሩ ልጆቼ

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። እኔ ከሠላሳ አመት በላይ በስፖርት መምህርነትና በአሰልጣኝነት ነው የኖርኩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሯጮች ጋር፣ ትንሽ ጊዜ ደግሞ ከኳስ ልጆች ጋር። ሰሞኑን በደረስኩበት ሁሉ የምትጠይቁኝ ነገር አንድ አይነት ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። "ጋሼ፣ ጂም ገብተን ብረት እናንሳ ወይስ በቪዲዮ እንደምናየው ጎማ እንገልብጥ፣ ወፍራም ገመድ እናወዛውዝ፣ ኳስ ላይ ቆመን እንስራ?" ነው የምትሉኝ።

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። አሰልጣኝነት ስጀምር ሯጭ ብረት ከነካ ይከብዳል፣ ፍጥነቱ ይሞታል ተብዬ ነው የተማርኩት፣ እኔም ሳልጠይቅ ተቀብዬ ልጆቼን ብረት አላስነካም ነበር። 5 ሺህ ሜትር የምትሮጥ አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ ወኔዋ የሚገርም፣ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ዳሌዋ ይወርድና እርምጃዋ ያጥራል፣ እኔ ደግሞ ትንፋሽ አነሳት እያልኩ ኪሎሜትር እጨምርባታለሁ። ኪሎሜትሩ ሲጨምር ቅልጥሟን አመማት፣ አረፈች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ አመማት። ሁለት አመቷን እንደዚህ በላሁባት። ችግሩ ትንፋሽ አልነበረም፣ እግሯ ነበር። ስንሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬት የሚመልስልን ኃይል የሰውነታችንን ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሆናል፣ ያውም በአንድ እግር። 50 ኪሎ የሆነች ልጅ ከ100 ኪሎ በላይ በአንድ እግሯ ትቀበላለች ማለት ነው፣ በአንድ ቀን ልምምድ ብቻ ሺህ ጊዜ። ይሄን ሁሉ የሚሸከም እግር እያለ እኔ 20 ኪሎ ብረት አስፈራኝ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ የፊንላንዶች ጥናት አለ፣ ሯጮቹ ከልምምዳቸው አንድ ሶስተኛ የሚሆነውን ቀንሰው በቦታው ዝላይ፣ አጭር ስፕሪንትና ቀለል ያለ ክብደት በፍጥነት መግፋት ተኩ፣ ከ9 ሳምንት በኋላ የ5 ኪሎሜትር ሰአታቸው ተሻሻለ። የሚገርመው የኦክስጅን አቅማቸው ምንም አልጨመረም፣ ያው ሳንባ ነው፣ እግሩ ግን መሬት ላይ የሚያባክነው ጉልበት ቀነሰ። እኔ ይሄን ነገር ስሰማ ያቺ ልጅ ናት ትዝ ያለችኝ።

እና ብረት አንሱ ማለቴ ነው? አዎ፣ ግን ቆዩ፣ ነገሩ እዛ ጋ አያልቅም። አሁን "አዲስ ዘዴ" እየተባለ የሚሸጥላችሁ ነገር እኮ እኛ ሰፈር የኖረ ነው። እኛ ልጆች ሆነን ብረት የሚባል የት ይገኛል፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን፣ መሀሉ ላይ የውሃ ቱቦ ሰክተን ነበር የምንሰራው። እንጦጦ ዳገት ላይ መሮጥ፣ መስቀል አደባባይ ደረጃውን ወዲያ ወዲህ እያሉ መውጣት፣ ይሄ ሁሉ ክብደት ነው፣ የሚነሳው የራሳችሁ ሰውነት ስለሆነ አታዩትም እንጂ። እ.ኤ.አ. የ1960ውን የሮም ኦሎምፒክ እዩ። አውስትራሊያዊው ኸርብ ኤሊየት 1500 ሜትሩን በ3:35.6 በአለም ሪከርድ ያሸነፈው አሰልጣኙ ፐርሲ ሰሩቲ ፖርትሲ የባህር ዳርቻ ላይ የአሸዋ ኮረብታ እያስወጣ ስላሰለጠነው ነው ሲባል ትሰማላችሁ፣ እውነት ነው፣ ግን የማይነገራችሁ ሰሩቲ ብረትም ያስነሳ እንደነበር ነው። ሁለቱን አላጣላቸውም። እዛው ሮም፣ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ 2:15:16 ገባ። ከ4 አመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ካደረገ ገና 6 ሳምንት አልሞላውም ነበር፣ 2:12 ሮጦ አንደኛ ገብቶ ሳሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያነሳ ጂምናስቲክ ሲሰራ ስታዲየሙ ሁሉ ያየዋል። ያንን ምስል ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት፣ ሰውነቱን የሚያዝ ሰው ምን እንደሚመስል ይገባችኋል።

ታዲያ የቱን ከየቱ እንለይ ካላችሁ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ዛሬ የሰራኸውን በቁጥር ልትነግረኝ ትችላለህ ወይ? በሚቀጥለው ሳምንት በትንሹ ልትጨምርበት ትችላለህ? የባርና የፕሌት፣ ማለትም የብረቱ ዘንግና ጫፉ ላይ የሚሰካው ክብ ብረት፣ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ 40 ኪሎ ትከሻው ላይ ይዞ ስኳት (ቁጭ ብድግ) የሰራ ልጅ ቀጥሎ 42 ተኩል ይሰራል፣ ሰውነቱ ሳይደነግጥ ይለምዳል። የጎማ ችግር ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ያ የተጣለ የከባድ መኪና ጎማ ስንት ኪሎ ነው? ማንም አልመዘነውም። ሁለት ኪሎ ልጨምርበት ብትል አትችልም። አንድ የኳስ ልጅ፣ ጎበዝ ተከላካይ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተወራርዶ ጎማ ሲገለብጥ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን አጉብጦ በክንዱ ሳበው፣ ወገቡ ያዘውና የዛን አመት ግማሹን ተቀምጦ አሳለፈ። ጎማ በክንድ አይነሳም ልጆች፣ ደረት ተጠግቶ በእግር ነው የሚገፋው፣ ይሄንን የሚያሳይህ ሰው ከሌለ አትንካው።

ጂም የመግቢያ ገንዘብ የሌላችሁ እዚህ ጋ ልብ ብላችሁ አንብቡ፣ እኔ በጣም የምወደው መሳሪያ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ከየትኛውም ፕሌት በላይ ልክ ያለው ነገር ነው፣ ዛሬ 8 ሊትር፣ ሳምንት 9፣ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ግማሽ ሲሆን ውሃው ስለሚንቀሳቀስ ወገባችሁንና ሆዳችሁን ሳትፈልጉ ያሰራችኋል። ክረምት ላይ ጫካው ጭቃ ሆኖ መሮጥ ሲያቅተን በረንዳ ላይ ሁለት ጀሪካን ይዘን በዝግታ መራመድ፣ አንዱን ደረት ላይ አቅፎ ስኳት መስራት፣ አንድ እግር ድንጋይ ላይ አድርጎ መውጣት መውረድ ጀመርን። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ከዛ በላይ የለም፣ ያውም ከባድ ሩጫ ባለበት ቀን ከሩጫው በኋላ፣ ኢዚ ቀኑ፣ ማለትም ቀለል ያለ ሩጫ ያለበት ቀን፣ ኢዚ ሆኖ እንዲቀር። የዛን አመት ልጆቼ መጨረሻው ዙር ላይ ዳሌያቸው አልወረደም።

ኳስ ላይ መቆሙን በተመለከተ፣ በቅርቡ አንድ 1500 የሚሮጥ ልጅ ግማሽ ኳስ (ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ በአየር የተነፋ የላስቲክ መሳሪያ) ላይ ቆሞ በየእጁ 5 ኪሎ ይዞ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ለምንድነው አልኩት፣ "ለባላንስ ጋሼ" አለኝ። እስቲ መሬት ላይ በአንድ እግርህ ቆመህ ቀስ ብለህ ውረድ አልኩት፣ ሶስቴ ሳይሞላ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ገባ። የምትሮጠው ጠንካራ መሬት ላይ ነው እኮ ልጄ። የሚወዛወዝ ነገር ላይ እግር ሙሉ ኃይሉን ማውጣት አይችልም፣ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ለሚያገግም ሰው ይጠቅማል፣ ጉልበት ለማሳደግ ግን ጊዜህን ይበላብሃል።

ዝላይም እንዲሁ። ከሳጥን ወርዶ ወዲያው ወደ ላይ የመስፈንጠሩን ነገር ያስፋፋው ሶቪየት ህብረት ውስጥ የነበረው አሰልጣኙ ዩሪ ቨርኮሻንስኪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ እሱ ራሱ በደንብ ለተዘጋጀ አትሌት እንጂ ለጀማሪ አላለውም። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ ከመቶ ሀያ ሳንቲሜትር ይወርዳል፣ ከጀርባው ግን ስንት አመት ስኳት እንዳለ ቪዲዮው አያሳይም። እናንተ በገመድ ዝላይ ጀምሩ። ከዛ ከአንድ ደረጃ ውረዱና ድምጽ ሳታሰሙ እረፉ፣ ጓደኛችሁ ከኋላ ቆሞ አይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ፣ እሱ ድምጽ ከሰማ ገና ናችሁ።

14ና 15 አመት ሆናችሁ ብረት ቁመት ያስቀራል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ አያስቀርም፣ አጠገባችሁ የሚያውቅ ሰው ካለና በባዶ ባር ወይ በመጥረጊያ እንጨት ከጀመራችሁ። ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ ኪሎውን ወይ ሊትሩን፣ ስንት ጊዜ እንደሰራችሁና ጠዋት ስትነሱ ቅልጥማችሁ ምን እንዳለ ጻፉ። ሶስት ወር ከሞላ በኋላ ይዛችሁልኝ ኑና አብረን እናየዋለን።