ለምንወደው ባንድ ብለን ሰው ብንሳደብ ኃጢአት ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የኬ-ፖፕ (የደቡብ ኮሪያ ፖፕ ሙዚቃ) አድናቂ ነኝ። የእኛን ባንድ የነካ ሰው ሲገኝ በቴሌግራም ግሩፓችን ሊንኩ ይለቀቅና ሁላችንም እንዘምትበታለን። እንሰድበዋለን፣ አካውንቱ እንዲዘጋ በጅምላ ሪፖርት እናደርጋለን። በጾምም አላቆምንም። የጻፍኩት በራሴ ስም አይደለም፣ ሰውየውንም አላውቀውም። ኃጢአት ይሆንብኛል?
ወለተ ማርያም፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አዎ እኅቴ፣ ይሆንብሻል። ስሙ የውሸት ቢሆንም ጣቱ ያንቺ ነው። ጌታችንም ወንድሙን «ደንቆሮ» የሚል ሰው ፍርድ እንደሚገባው ሲናገር (ማቴ. 5፥22) የሚያውቀውን ወንድሙን ብቻ አላለም። አንደበት ይጹም ስንል ደግሞ የሚጽፈው ጣትም አብሮ ይጾማል።

ዘፈኑን ስለማድመጥ አልጠየቅሽኝም፤ እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። እኔን ያሳሰበኝ ፍቅር ብላችሁ የያዛችሁት ነገር ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን አንብቢ። የልስጥራን ሰዎች ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት ናቸው ብለው ኮርማና የአበባ አክሊል አቀረቡላቸው። ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀድደው «እኛም እንደ እናንተ ሰዎች ነን» እያሉ በጭንቅ አስተዉአቸው። ወዲያው ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች ሕዝቡን አባበሉት። ጳውሎስ በድንጋይ ተወግሮ፣ ሞቷል ተብሎ ከከተማ ውጭ ተጎተተ።

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡል ላይም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ሱንግሃን የተባለው ወጣት ዘፋኝ ራይዝ ወደተባለው የኬ-ፖፕ ቡድኑ ይመለሳል ተባለ። የታገደው የግል ፎቶዎቹ ሾልከው ስለወጡ ነበር። የዚያው ቡድን አድናቂ ነን የሚሉ ሰዎች የቀብር አበባ ጉንጉን እያስጫኑ ቡድኑን በሚያስተዳድረው ድርጅት ሕንፃ ፊት አስደረደሩ። በቁሙ ላለ ልጅ! በሁለት ቀን ውስጥ ከቡድኑ ወጣ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ኤስፓ የተባለው የሴቶች ቡድን ዘፋኟ ካሪና የፍቅር ጓደኛ ያዘች ተብሎ ቁጣ ሲነሣ በእጇ የጻፈችውን የይቅርታ ደብዳቤ አወጣች። ጓደኛ መያዝ ይቅርታ የሚያስጠይቀው ከመቼ ወዲህ ነው? ሰውን ሰው መሆኑን ረስተን ስንወደው፣ ሰው ሆኖ የተገኘ ቀን አንምረውም። እሱን የነካ ሌላ ሰውማ ምን ይተርፈዋል?

አሁን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። «ሰው ተሳድቤአለሁ» ብለሽ አታድበስብሺው፤ ከብዙ ሰው ጋር ሆነሽ በአንድ ሰው ላይ መዝመትሽን ተናገሪ። የጻፍሽውን አጥፊ። ሰውየውን በውስጥ መስመር ይቅርታ ጠይቂው። ብሎክ ካደረገሽ ግን ተዪው፤ በአዲስ አካውንት እየገባሽ አታስጨንቂው።

ግሩፑን በተመለከተ፣ የአድናቂ ስብስብ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ቢቲኤስ የተባለው የኬ-ፖፕ ባንድ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ለጥቁሮች መብት ለሚሟገቱ ድርጅቶች ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተዋል። ግን «ክፉን ለማድረግ ብዙ ሰዎችን አትከተል» ተብሏል (ዘጸ. 23፥2)። ሊንክ ሲለቀቅ «እኔ የለሁበትም፣ ተዉት» ብለሽ መጻፍ ከቻልሽ ቆዪ። ካልቻልሽ ጾሙ እስኪፈታ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ውጪ።