አሞክሲሲሊኑን አስቀምጪው፣ መጀመሪያ ናሙና

እህቴ፣ ቺንቺላሽ (ያ ለስላሳ ፀጉር ያለው የአይጥ ዘመድ) አንድ ዓይኑ ቀልቶ ነጭ መግል እንደያዘ፣ መብላትም እንደቀነሰ ጽፈሻል። ከልጅሽ የተረፈ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ቤት ውስጥ ስላለ፣ ትንሽ ባጠጣው ችግር አለው ወይ ነው ጥያቄሽ። አለው። በጣም አለው። «ምንም አይለውም፣ ለውሻዬ ሰጥቼው ድኗል» ያለሽን ሰው እርሺው። የውሻና የቺንቺላ አንጀት ለየቅል ነው። የእኔው ቺንቺላ አመዴም ልክ እንደዚህ ነበር የጀመረው። ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

1. በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን ለቺንቺላ አይሆንም። ቺንቺላ ድርቆሹን የሚፈጭለት ዕውር አንጀቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ጠቃሚውን ባክቴሪያ ይጨርሱና ቦታውን ክሎስትሪዲየም ለሚባል ጎጂ ባክቴሪያ ይለቁለታል። እሱ ደግሞ መርዝ ያመነጫል። ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዓይኑን አድናለሁ ብለሽ እንስሳውን ታጪዋለሽ።

የሚያናድደው፣ ይህንኑ ሽሮፕ ለአመዴ ያዘዘልኝ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ስሙን አልጠራም። ከወንበሩ አልተነሳም፣ ከሳጥኑ አውጣው እንኳን አላለኝም። «ያው አይጥ አይደል?» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ይሄ ለቺንቺላ አደገኛ ነው ሲባል አንብቤያለሁ ብዬ በትሕትና ጠየቅኩት። «አንተ ነህ ሐኪሙ ወይስ እኔ?» አለኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ የዚያን ቀን ትክክል የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ይሄን ስናገር አላፍርም።

2. ከሁሉም በላይ ይሄኛውን ያዢልኝ። አንድ ጠብታ መድኃኒት ከመግባቱ በፊት ከመግሉ ናሙና ይወሰድ። ካልቸርና ሴንሲቲቪቲ እፈልጋለሁ በያቸው፣ ቃሉን እንዳለ። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚነግርሽ እሱ ብቻ ነው። መድኃኒት ተጀምሮ ናሙና ቢወሰድ ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል። ያኔ «ምንም የለም» የሚል ወረቀት ተቀብለሽ ትመለሻለሽ።

ሁለተኛው ክሊኒክ ደግ ነበር፣ ግን ችኩል ነበር። ናሙና ሳይወስድ ጠብታ ሰጠኝ። ዓይኑ ጠራ፣ ደስ አለኝ፣ ጠብታው ሲያልቅ መግሉ እንዳለ ተመለሰ። ናሙና ይወሰድልኝ ብዬ ብወተውትም የላብራቶሪው መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ለአይጥ ነው?» ብላ ጓደኛዋን ጠርታ ሳቀችብኝ። የሰው ናሙና ብቻ ነው የምንቀበለው ብላ መለሰችኝ። በመጨረሻ ትናንሽ እንስሳትን የምታክም ሐኪም አገኘሁ። መጀመሪያ ቁስል የሚያሳይ ቀለም ዓይኑን ነክታ ቁስል ይኖረው እንደሆነ አየች። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የዓይኑ የፊት ሽፋን (ኮርኒያ) ቆስሎ ከሆነ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ነገሩን ያባብሰዋል። ከዚያ በቀጭን የጥጥ ዘንግ ናሙና ወስዳ ራሷ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ላከችው።

ውጤቱ ሲውዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የሚባል ባክቴሪያ። ቺንቺላ ላይ የታወቀ ጠላት ነው። በዓይንና በጆሮ ይጀምራል፣ ደም ውስጥ ከገባ ይገድላል፣ እርጉዟን ያስወርዳል። ብዙ መድኃኒት አይበግረውም። ለቺንቺላ አንጀት ደህና የሚባለው የሰልፋና ትራይሜቶፕሪም ድብልቅ እንኳን አይሠራበትም። እኛ ዘንድ የሠራው ከኤንሮፍሎክሳሲን ወገን ያለው ነበር። አንቺ ዘንድ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ወረቀቱ ይንገርሽ። መጠኑን ከእኔ አትጠይቂኝ፣ በክብደቱ ተሰልቶ ነው የሚሰጠው።

3. ጥርሱንም ይዩልሽ። የቺንቺላ ጥርስ ሁሉም ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ሥሩ ወደ ላይ ከገፋ የእንባውን መውረጃ ይዘጋዋል። መግል ሳይኖር ውሃ ብቻ የሚያነባ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይሄንን ነው። የራስ ቅል ራጅ ጠይቂ።

4. መብላት መቀነሱ ከዓይኑ በላይ ያስፈራኛል። ቺንቺላ ሙሉ ቀን ካልበላ አንጀቱ ይቆማል። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ በየቀኑ መዝኚው። አዋቂ ቺንቺላ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው፣ ግን የሌላውን ቁጥር ትተሽ የራሱን የትናንት ቁጥር ተከታተይ። በጠጡን እይ። እያነሰና እየደረቀ ከሄደ አትጠብቂ። ለሣር በል እንስሳት የተዘጋጀ ዱቄት በውሃ በጥብጠሽ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፉ ጎን ቀስ እያልሽ ስጪው። ይተፋል፣ ይታገላል፣ ልብስሽን ያበላሻል። ቀጥዪ።

5. አብሮት የሚኖር ሌላ ቺንቺላ ካለ ዛሬውኑ ለይው። ፀጉሩን ለማጽዳት የሚንከባለልበትን የአቧራ መታጠቢያውንም አውጪው፣ የታመመ ዓይን ላይ አቧራ አይጨመርም። ሁለቱ አንድ አቧራ ሲጠቀሙ በሽታውም ይጋራሉ። ሲድን የድሮውን ደፍተሽ በአዲስ ጀምሪ።

ብዙ ቺንቺላ ለሚያረባው ወንድማችን ደግሞ፦ «ምልክት ሳያሳዩ ይሞቱብኛል» ብለህ ከሥር ጽፈሃል። የአንተ ነገር ከእሷ ይለያል። እኔ ብሆን ድርቆሹን አያለሁ። የረጠበ፣ የሻገተ ወይም ከአፈርና ከእዳሪ የተነካካ ድርቆሽ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ያመጣል፣ ቺንቺላ ደግሞ ለሊስቴሪያ እጅግ ስስ ነው። አንዳንዱ አንገቱን ያዘነብላል፣ ክብ ይዞራል፣ አንዳንዱ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ቀዝቃዛ መጋዘን አያድንህም፣ ሊስቴሪያ በ4 ዲግሪም ይራባል። የዱር አይጥና ወፍ መኖው ላይ የሚደርሱ ከሆነ ዬርሲኒያ የሚባል ባክቴሪያም አለ። የሞተውን አትቅበረው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይተህ ለምርመራ ውሰደው፣ በረዶ ቤት ከገባ ሥጋው ለምርመራ ይበላሻል። ጓንት አድርግ። ቤት ውስጥ እርጉዝ ሴት ካለች ደግሞ ወደ እንስሳቱ ባትጠጋ ይሻላል፣ ሊስቴሪያ ለፅንስ አደገኛ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። የውሃ ጠርሙሱን ያጠብኩት ነው ትዪኛለሽ፣ አውቃለሁ። የእኔም ከላይ ሲታይ ያብረቀርቅ ነበር። ሲውዶሞናስ እርጥበት ይወዳል፣ ውሃ የምትለቀው ትንሿ ኳስ ያለችበት የጠርሙሱ የብረት አፍ ውስጥ ስስ ሙጫ ሠርቶ ይቀመጣል። ውሃ ማለቅለቅ አያነሳውም። በየቀኑ ውሃውን ቀይሪ፣ አፉን በቀጭን ብሩሽ ፈትጊ፣ የሚፈላውን አፍዪ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እየቀያየርሽ እንድታደርቂ ሁለት ጠርሙስ ያዢ። ከጠርሙሱም አፍ ናሙና ይወሰድ ብዬ ያሳሰብኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ «ይሁንልህ» አለችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ያው ሲውዶሞናስ። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄጂ ጠርሙሱን ሳታጥቢው፣ እንዳለ፣ በላስቲክ ይዘሽው ሂጂ።